«አባታችን ሆይ» ብሎ መታመን ምንድን ነው?

አባቴን «እርስዎ» እያልኩ ነው ያደግሁት። በእኔ ልጅነት፣ እኛ አገር፣ ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ በሚወስደው ደጋ ላይ፣ አባቱን «አንተ» የሚል ልጅ አላውቅም። እሳቸው ራት ሲበሉ ኩራዝ ይዤ አጠገባቸው እቆማለሁ። ሲጨርሱ ወጥ የጠጣውን የመጨረሻ እንጀራ ጠቅለል አድርገው ያጎርሱኛል። ያቺን ጉርሻ ለማግኘት ክንዴ እስኪዝል መቆም ነበረብኝ። ሳልጠየቅ አልናገርም። የሚያስፈልገኝ ነገር ካለ ለእናቴ እነግራታለሁ፤ እሷ ጊዜ መርጣ ታቀርብልኛለች።

ቁር ሲበረታ ግን ከአባቴ ጋር አንድ ባና ለብሰን ነበር የምንተኛው። ባና ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራው ወፍራም የብርድ ልብስ ነው። ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ይሞቃል። አንድ ሌሊት ነቃሁ። ባቄላውን ውርጭ የመታው ሰሞን ነበር። አባቴ ባናውን ለእኔ ትተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። በዝቅተኛ ድምፅ ያወራሉ። «አንተ ታውቃለህ» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «ልጆቹ ያንተ ናቸው። አንተ ታውቃለህ።»

ደነገጥኩ። አባቴ «አንተ» ሲሉ የምሰማው ለእኔና ለከብት ጠባቂው ነው። በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ሐዘን፣ ማንን ነው እንዲህ የሚሉት? ጠዋት እናቴን ጠየቅኋት። «እግዜርን ነዋ» አለችኝ፣ ሊጡን ማቡካቷን ሳታቆም።

ዛሬ ሰዎች «በእግዚአብሔር አባትነት መታመን ማለት ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ መልሴ የሚጀምረው ከዚያች «አንተ» ነው።

ቋንቋ የሚያውቅ ሰው «እሱማ ከግዕዝ የመጣ ነገር ነው» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ግዕዝ እንደ አማርኛ «እርስዎ» የሚባል የአክብሮት መጠሪያ የለውም። «አቡነ ዘበሰማያት ይትቀደስ ስምከ» ሲል «ስምከ» ያው «ስምህ» ነው። ግን ጸሎቱ ወደ አማርኛ ሲመጣም «ስምህ ይቀደስ» እንደሆነ ቀረ። «ስምዎ ይቀደስ» ያለ የለም። አማርኛ ለንጉሥም ለጳጳስም ለአማትም «እርስዎ» አለው። ለሰማይና ለምድር ፈጣሪ ግን «አንተ» አለ። ሰው ስናመሰግንም «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን እንጂ «ይስጡልኝ» አንልም። እኔ ይህን የንቀት ምልክት አድርጌ አላየውም። አባቴ በሕይወታቸው ከእግዚአብሔር በላይ የፈሩት አልነበረም። ያም ሆኖ በጣም የሚፈሩትንና በጣም የሚቀርቡትን በአንድ ቃል ይጠሩት ነበር።

ጌታችን ኢየሱስ ራሱ የጸለየበት ቃል «አባ» ነው። በአራማይክ አባት ማለት ነው። አዲስ ኪዳን በግሪክ ሲጻፍ ይህችን ቃል ሳይለውጡ እንዳለች አስቀመጧት። ሦስት ቦታ ትገኛለች፦ ማርቆስ 14፥36፣ ሮሜ 8፥15 እና ገላትያ 4፥6። የአማርኛው መጽሐፍም «አባ አባት» ብሎ ጠብቋታል። አንዳንድ ሰባኪ «አባ ማለት ሕፃን ልጅ የሚለው አባዬ ነው» ይላል። ትንሽ ይጋነናል፤ ጎልማሳ ልጅም አባቱን የሚጠራበት ቃል ነበር። ይልቅ የቤት ቃል ነች ብንል ይሻላል። በር ላይ ቆመው የሚሏት ሳትሆን፣ ገብተው ተቀምጠው የሚሏት።

አሁን ወደ «መታመን» ልምጣ። «ማመን» እና «መታመን» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ «አሜን» የምንላትም የዚያው ቤት ልጅ ናት። በንግግር ግን ልዩነታቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ሰው «ገንዘብ አለኝ» ቢለኝ ላምነው እችላለሁ። በእሱ ታምኜ ልጄን ሰጥቼው አገር ብሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። እግዚአብሔር መኖሩን የሚጠራጠር ሰው በእኛ አገር ብዙ አይገኝም። መኖሩንማ እናምናለን። ጥያቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ልቡ ለእኔ ምን ይመስላል? ሲያየኝ ደስ ይለዋል ወይስ ጥፋቴን ይቆጥራል? እጁን የሚዘረጋው ሊሰጠኝ ነው ወይስ ሊመታኝ? በአባትነቱ መታመን ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አግኝቶ፣ በዚያ መልስ ላይ ተደግፎ መኖር ነው።

ይህ አባትነት በክርስትና የሰው ሁሉ ፈጣሪ ነው ከማለት ያለፈ ነገር አለው። ስሙ «ልጅነት» ይባላል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሱ የሚያገኙት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። አባቶች «የጸጋ ልጅነት» ይሉታል። ኢየሱስ በባሕርዩ የአብ ልጅ ነው፤ እኛ ደግሞ በእሱ በኩል በስጦታ ልጆች ሆንን ማለት ነው። ሥራ ሠርተን የተቀጠርንበት አይደለም። የ40 ቀን ሕፃን ምን ሠርቶ ያውቃል? ቄሱ ሲያጠምቁት አልቅሷል፣ በቃ። ልጅነቱን ግን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

የክርስትና ስማችንን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ «ገብረ ሥላሴ» ይባላል፣ ሌላው «ወልደ ሥላሴ»። «ገብረ» አገልጋይ፣ «ወልደ» ደግሞ ልጅ ማለት ነው። ሁለቱም የክብር ስም ነው፤ ገብረ የሚባለው ወንድሜ ቅር እንዳይለው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለገላትያ ሰዎች «ከእንግዲህ ወዲህ ልጅ ነህ እንጂ ባሪያ አይደለህም» ሲል የነዚህን ሁለት ቃላት ልዩነት ነው የነካው። ብዙዎቻችን በስም ወልደ ሆነን በልብ ገብረ እንደሆንን እንኖራለን። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያ ነበርኩ።

በሉቃስ 15 ያለው ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ስለ ጠፋው ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። አባቱ ገና ከሩቅ አይቶት ሮጠ፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው። ለሸዋ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ ትልቅ ሰው አይሮጥም። በርኖስ የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ዝናብ ቢመጣበት እንኳ እርምጃውን አይቀይርም። ያ አባት ግን ሰው እያየው ሮጠ።

እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ታላቁ ልጅ ነው። ከቤት አልወጣም። ሲያርስ፣ ሲጠብቅ ኖሯል። ወንድሙ ሲመጣ ግን አኩርፎ ደጅ ቀረ። «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ፤ ለእኔ አንድ ጥቦት ስንኳ አልሰጠኸኝም» አለ። አባቱ ምን መለሰ? «ልጄ ሆይ፣ አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፤ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው።» እንግዲህ አስቡት። በረቱ ሙሉ የእሱ ነው። እሱ ግን አንዲት ጥቦት እስኪሰጡት ሲጠብቅ ኖረ። አልጠየቀም። ለምን? አባቱን እንደ ጌታ እንጂ እንደ አባት አያውቀውማ። የሠራውን ይቆጥራል፣ ያልተከፈለውን ይቆጥራል። ከአባቱ ቤት ሳይወጣ አባት ያጣ ልጅ ነው።

የስለታችን ነገርም እዚህ ላይ ይነሳል። ስለት መልካም ነው። ሐና ተስላ ሳሙኤልን አግኝታለች፤ የእኛም እናቶች ጃንጥላ ተስለው ያገኙትን ልጅ አዝለው ሲመጡ አይቻለሁ፣ እልልታው ልብ ይነካል። ስለት ከምስጋና ሲወጣ ያማረ ነው። ከእግዚአብሔር ጋር ያለን ነገር በሙሉ «ይህን ብትሰጠኝ ያን አገባለሁ» ብቻ ከሆነ ግን ከአባት ጋር ሳይሆን ከነጋዴ ጋር እየተነጋገርን ነው። እግዚአብሔር የሚሰጠው ጃንጥላ ቸግሮት አይደለም።

ጌታ ስለዚህ ነገር ያስተማረው በእኛ በወላጆች ልብ አስመስሎ ነው። ልጁ እንጀራ ቢለምነው ድንጋይ የሚሰጥ፣ ዓሣ ቢለምነው እባብ የሚሰጥ ማን ነው? እናንተ ክፉዎች ሆናችሁ ለልጆቻችሁ መልካም መስጠት ካወቃችሁ፣ የሰማዩ አባታችሁማ እንዴት አብልጦ አይሰጥ? ይህ በማቴዎስ 7 ነው። ከፊቱ ያለው ምዕራፍ 6 «አባትህ» እና «አባታችሁ» የሚለውን ከ10 ጊዜ በላይ ይደጋግማል። በስውር የሚያይ አባት፣ ሳትለምኑት የሚያስፈልጋችሁን የሚያውቅ አባት፣ ወፎችን የሚመግብ አባት። በአገራችን «የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» የምንለውም ያው ነው። ደሃ አባት ሰባተኛ ልጁ ሲወለድ የሚላት ቃል ናት፤ ቀልዶ አይደለም የሚላት።

ደግሞም «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ይባላል። የሰው አባት ያልፋል፣ ጌጡም ከእሱ ጋር ያልፋል። ያዕቆብ ግን በጎ ስጦታ ሁሉ ከላይ፣ «ከብርሃናት አባት» ይወርዳል፣ እሱ ዘንድ መለወጥ የለም ይላል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከሰማይ ብርሃን ታየበት በተባለው ቦታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ደብረ ብርሃን ካሉት አገር ለወጣ ሰው ይህች «የብርሃናት አባት» የምትል ስም ደስ ትላለች። እኔ እንኳ ስጸልይ ብዙ ጊዜ የምጠራው በእሷ ነው።

ከባዱ ነገር ግን ይኸውላችሁ። ያ ሁሉ እውነት ከሆነ፣ ባቄላችንን ውርጭ ለምን መታው?

ለዚህ አጭር መልስ ያለው ሰው አላምንም። የምነግራችሁ አንድ የአገሬን ነገር ነው። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ሰፊ ደጋ አለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር ያለፈ። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር የሚበቅልበት ነው። አያቶቻችን ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ነበር የሚጠብቁት። ሹሙ አባ ቄራ ይባላል፤ እዚህም «አባ» አለች። አባ ቄራው ጓሳውን ሲዘጋ ማንም ከብት አያስገባም፣ ማንም አያጭድም። አንዳንዴ ሦስት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይዘጋል። ሥርዓቱ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ጸንቶ ቆይቷል። አያቴ ሲያወሩ ልጅ ሆነው ያንን ሣር ከሩቅ እያዩ ይናደዱ ነበር። ሣሩ አለ፣ ላማቸው ትከሳለች፣ አባ ቄራው እንቢ ይላል። ድርቅ ሲመጣ ግን ይከፈታል። ከብት የሚተርፈው በዚያ ነው። «ያኔ ነው እንቢታው የገባኝ» ይሉ ነበር።

የአባት እንቢታም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ነው። አንዳንድ ጊዜ ነው የምለው። ልጇን ቀብራ ለቅሶ ለተቀመጠች እናት የጓሳን ነገር አልነግራትም። አጠገቧ እቀመጣለሁ እንጂ። ለእሷ የሚሆን ሌላ ነገር አለኝ፣ እሱም ያች «አባ» የምትል ቃል መቼ እንደተነገረች ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ፣ ሊይዙት ከመምጣታቸው በፊት፣ መሬት ላይ ወድቆ ነው ያላት። «አባ አባት ሆይ፣ ሁሉ ይቻልሃል፤ ይህን ጽዋ ከእኔ ውሰድ፤ ነገር ግን አንተ የምትወደው ይሁን።» ጽዋው አልተወሰደም። ስለዚህ «አባ» ስትዪ እንባሽን ጠርገሽ መምጣት አይጠበቅብሽም። ቃሏ ራሷ ከእንባ ውስጥ የወጣች ናት። «ውሰድልኝ» ማለትም ይፈቀዳል፣ ልጁም ብሏልና። ቅዱስ ጳውሎስም የአባትን ልግስና ሲያስረዳ ስለ ዝናብና ስለ ምርት አላወራም። ለገዛ ልጁ ያልራራለት፣ ስለ ሁላችን አሳልፎ የሰጠው፣ ከእሱ ጋር ሁሉን እንዴት አይሰጠንም? አለ። የሰጪውን ልብ የምናውቀው በዚያ ነው። አዝመራው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እምነቱ ከጥርጣሬ ጋር ለተቀላቀለበትም ቦታ አለ። በማርቆስ 9 ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ጌታም አልመለሰውም፤ ልጁን ፈወሰለት።

«አባት» የሚለው ቃል ራሱ የሚያማቸው ሰዎችም አሉ። ጠጥቶ እየመጣ ይደበድባቸው የነበረ አባት ያላቸው፣ ወይም ጨርሶ ያላዩት። አንዲት ጓደኛዬ «እግዚአብሔር አባትሽ ነው ሲሉኝ ቀበቶ ነው ትዝ የሚለኝ» ብላኛለች። ይህን የምትል ሴት እምነት ጎድሏት አይደለም። እሷን የምለው፣ የእግዚአብሔርን አባትነት ከምድር አባቷ ተነስታ አትለካ ነው። ነገሩ የሚለካው ከላይ ወደ ታች ነው። ለኤፌሶን ሰዎች በተጻፈው መልእክት በሰማይና በምድር ያለ አባትነት ሁሉ የሚሰየመው ከእሱ ነው ይላል። የምድሩ አባት ከዚያ ያፈነገጠ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ የአብ አይደለም። ዳዊትም «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፣ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» ያለው የተተወ ሰው ምን እንደሚሰማው ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጸሎቱ «አባቴ ሆይ» አይልም። «አባታችን» ይላል። እንጀራውም «እንጀራዬን» አይደለም፣ «የዕለት እንጀራችንን» ነው። ጓዳዬ ውስጥ ያለው እንጀራ የተሰጠው ለእኔና ለወንድሜ ነው ማለት ነው። የተቸገረ ሰው «ስለ እግዚአብሔር» ብሎ እጁን ሲዘረጋ እኛ «እግዜር ይስጥህ» ብለን እናልፋለን። እኔም ብዬ አልፌአለሁ። ያዕቆብ በመልእክቱ ራቁቱን ለሆነ ወንድማቸው «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብለው ባዶ እጁን የሚሰዱትን ይወቅሳል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ ሰው «እሳት ሙቅ» ብሎ እንጨት አለመስጠት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ከተማችን የመጡት ወገኖቻችን ያንን ብርድ በላስቲክ መጠለያ ውስጥ አይተውታል። አባቱ ለጋስ መሆኑን ያመነ ሰው እጁ ይላላል። ነገ ይጎድልብኛል የሚለው ፍርሃት ነው ጭብጣችንን የሚያጠብቀው።

አባቴ አርፈዋል። ባናው እኔ ጋ ነው። አራት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ፤ እኔን «አንተ» ነው የምትለኝ፣ ዘመኑ ተቀይሯል። ማታ ከሥራ ስገባ ሰላም ሳትለኝ በፊት እጇን የጃኬቴ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ብዙ ጊዜ ብስኩት ወይም ማስቲካ ይዤላት እመጣለሁ። ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን እጄ ላይ ምንም አልነበረም። በሩን ከፈተች፣ እጇን ከተተች፣ ጥግ ጥጉን ዳበሰች። ቀና ብላ አየችኝ። «የለም?» አለች። «ዛሬ የለም» አልኳት። እጇን አላወጣችም። ውጭው ይቀዘቅዝ ነበር፤ ኪሴ ደግሞ ሙቅ ነው። እንደዚያው እጇን ከትታ ራት እስኪቀርብ አጠገቤ ተቀመጠች።